ጨው የከለከልኩት ባሌ

የባሌ ታናሽ ወንድም ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ሲያገኘኝ ዛሬም ሊሳለመኝ ጎንበስ ይላል። እኔ ወደ ኋላ እላለሁ። ሰው ክፉ ሴት ይለኛል፤ ይበለኝ።

ባሌ በጉበት ሲታመም ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ደሙ በተቀዳ ቁጥር ብልቃጡን ይዤ ላቦራቶሪ የምሰለፈው እኔ ነበርኩ። ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን፣ ክሬቲኒን የሚሉትን ከወረቀቱ ላይ አነባለሁ፤ ምን ማለት እንደሆኑ ግን የነገረኝ አልነበረም። ሐኪሙ ውጤቱን ለማስረዳት ከቤተሰብ አንድ ሰው ይግባ ሲል ወንድምየው ቀድሞኝ ተነሳ።

"እትዬ፣ አንቺ እሱ ጋ ሁኚ። ይሄን ወንድ ይስማው።"

ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሴት በር ላይ ቀረሁ።

ሲወጣ፣ ጨው ካቆመ ይድናል ተብሏል አለኝ። አመንኩት። አቃቂ ቤታችን እንደገባን ያለውን ጨው በሙሉ ለጎረቤት ሰጠሁ። ባሌ ያቀረብኩለትን ሽሮ ቀምሶ ይገፋዋል። በጣትሽ ጫፍ ያህል እንኳ አድርጊልኝ እያለ ሲለምነኝ፣ መዳን አትፈልግም ወይ ብዬ እጮህበታለሁ። በመጨረሻው ሳምንት አኩርፎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳንታረቅ ሞተ።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ወንድምየው ለለቀስተኛው ሲያወራ ሰማሁት። ሐኪሙ ከደሙ ቁጥሮች ተነስቶ ብዙ ጊዜ እንደማይቀረው ነግሮት ኖሯል። ከእንግዲህ አታስጨንቁት፣ ያሰኘውን ይብላ ብሎትም ነበር። ሴት አትችለውም ብዬ ብቻዬን ተሸከምኩት አለ። ሽማግሌዎቹ ወንድም ማለት እንዲህ ነው እያሉ መረቁት። ወደ እኔ ዞር ብሎ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

የጨውን ወሬ ከየት አመጣኸው ስለው፣ "ተስፋ እንዲኖርሽ ብዬ ነዋ፣ እትዬ" አለኝ።

ባለፈው ክረምት የእኔም ጉበት ተጠርጥሮ ደም ሰጠሁ። ሰምቶ ኖሮ ውጤት በምቀበልበት ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ስሜ ሲጠራ ያው እንደ ልማዱ ከፊቴ ቀደመ።

"ቁጭ በል" አልኩት። "የራሴን ደም ራሴ እሰማለሁ።"

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሐኪሙን ከወረቀቱ ላይ አንድም ሳይቀር እንዲያስረዳኝ ጠየቅኩት፤ አስረዳኝ። ምን እንዳለኝ ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ አያውቅም።