አንሶላ ሰፊዋ ተራራ የወጣች ቀን

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል የእሷ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ተቀምጣ የተቀደደ አንሶላ ስትጥፍና የሐኪም ጋውን ስታሳጥር ኖራለች። ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ክር» ይላታል። በክፍሏ መስኮት የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ነርሶቹ ለተራራ ጉዞ ስም ሲመዘግቡ፣ ለጨዋታ ያህል «እትዬ ክር፣ አንቺስ አትመጪም?» አሏት።

«መዝግቡኝ» አለች፣ ዓይኗን ከስፌቷ ሳትነቅል።

ባሏ ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። እሱ መኪና የማይደርስበትን ቦታ ሁሉ እንደሌለ የሚቆጥር የታክሲ ሹፌር ነው። «ምን ጠፍቶብሽ ነው ድንጋይ ላይ የምትንጠለጠይው?» አላት። እሷም ምን እንደጠፋባት አላወቀችም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የተመዘገቡት ነርሶችና ሐኪሞች ከእሷ ጋር አሥራ አንድ ሆነው ተራራው ግርጌ ተገናኙ። መንገድ መሪዋ ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። «ማንም ማንንም አይቀድምም። የደከመው ይናገር፤ እፍረታችሁን እዚሁ ተዉት» አለችና ከፊት ሆነች።

ሁለት ሰዓት ያህል በቁጥቋጦ መሀል ከሄዱ በኋላ ቁጥቋጦው አለቀና ድንጋዩ ጀመረ። እትዬ ክር ጫፉን ለማየት አንገቷን ቀና ስታደርግ ኮፍያዋ ከኋላዋ ወደቀ። ከከተማ ሆና ስታየው የእጅ መዳፍ የማያህለው ተራራ አሁን ማለቂያ የለውም። ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ግድግዳ ነው። ሰውነቷን ውርር አደረጋት። «ይሄን ማን አቆመው?» አለች በሹክሹክታ።

ሰንሰለት ተይዞ የሚወጣበት ቦታ ላይ ከፊቷ የነበሩት የሆስፒታሉ ዋና የቀዶ ጥገና ሐኪም ናቸው። እስከዚያ ቀን «እጅጌው ረዝሟል» ከማለት በቀር አነጋግረዋት አያውቁም። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በሰው ሆድ ላይ የማያመነታው እጅ ሰንሰለቱን አንቆ አልለቅም አለ።

«አልቻልኩም» አሉ።

እሷ ግን «ዶክተር፣ ወደ ታች አይዩ» አለች። «እኔ ሙሉውን አንሶላ ካየሁማ መች እጨርሰዋለሁ? መርፌዋ ያለችበትን ነው የማየው። በሉ፣ ቀኝ እግርዎን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ተረከዛቸውን በእጇ ይዛ ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ከተተችላቸው። ከዚያ ግራውን። መንገድ መሪዋ ከላይ «ጎበዝ! እንደሱ!» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወጡ።

ጫፉ ላይ ደመናው ከበታቻቸው ነበር። ነፋስ ገፋው፤ ተራራ ከተራራ ኋላ እየተከታተለ ወጣ፣ የመጨረሻው ከሰማዩ ጋር እስኪደባለቅ ድረስ። አንድ ንስር ከእግራቸው በታች ክንፉን ዘርግቶ አለፈ። እትዬ ክር በዕድሜዋ የሚበር ወፍ ጀርባ አይታ አታውቅም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ልትጠርገው አልሞከረችም።

ዶክተሩ አጠገቧ ተቀመጡ። «ሆስፒታላችን የቱ ጋ ነው?»

ሁለቱም ፈለጉ። ከተማው ራሱ የፈሰሰ ጨው ይመስላል።

«ያ ሁሉ ጭንቀት እዚያ ውስጥ ነው?» አሉ ዶክተሩ። እሷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ሲወርዱ ግማሹን መንገድ በመቀመጫዋ ነው የተንሸራተተችው። ሱሪዋ ከኋላ ተተረተረና ነርሶቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁባት፤ እሷም ከሁሉም በላይ ሳቀች።

አመሻሽ ላይ ባሏ በር ከፈተላት። «እህ፣ ምን አየሽ?» አላት፣ ለፌዝ ተዘጋጅቶ።

ስለ ንስሩ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ስለ ደመናው። ምኑም አልወጣላትም። «ትልቅ ነው» አለች።

ሊስቅ ነበር። ፊቷን አየና ተወው። በርጩማውን ሳብ አድርጎ ቁጭ አለና፣ «እስቲ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አላት።