ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ሌላው ሰው ለቆራሌ አሮጌ ጫማና ጠርሙስ ሲሸጥ፣ እኔ ከቆራሌ አሮጌ ኮምፒውተር እገዛ ነበር። ደርግ ከወደቀ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። መካኒሳ ያለው ቤታችን በብረት ተሞላ። እናቴማ «ሳሎኔን ምናለሽ ተራ አደረግከው እኮ!» እያለች አማረረች።

አባቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሲሞት ከጠረጴዛው አንድ ፍሎፒ አመጡልን። መሥሪያ ቤቴ ወስጄ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ስከፍታት የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ሆነችብኝ። የተጻፈችበት ዓይነት አሮጌ ማሽን ያስፈልግ ነበር።

እናቴ በአባቴ እንዳዘነችበት ነው የሞተው። «ወር ሙሉ ሆስፒታል ስተኛ ሦስት ቀን ፈቃድ መጠየቅ ከበደው!» ትል ነበር። ስለ ፍሎፒዋ ስነግራት፣ «ስለ እኔ አንድ ቃል ካለበት ጥራኝ» አለችኝ።

ማሽኑን አንድ ቆራሌ አመጣልኝ። ሆዱ ውስጥ አይጥ ወልዳበት ነበር። የካርዶቹን የዛጉ የመዳብ ጥርሶች በእርሳስ ላጲስ እየፈተግኩ ወራት ፈጀሁ። አንድ እሑድ አረንጓዴ የአማርኛ ፊደል ብልጭ ሲል ብቻዬን ጮህኩ። ይጸናል ወይ ብዬ እንደበራ ተውኩትና መሳቢያዬ ውስጥ የቀረችውን ፍሎፒ ላመጣ ወደ መሥሪያ ቤቴ በረርኩ።

ስመለስ ቤቱ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። እናቴ ከብስራተ ገብርኤል ስትመለስ፣ እንደ ቴሌቪዥናችን ምርጥ ዳንቴሏን እጥፍ አድርጋ አልብሳው፣ የፕላስቲክ አበባም አስቀምጣበታለች። መተንፈሻው ታፍኖ፣ ኤሌክትሪክ የሚመግበው ፓወር ሰፕላዩ ነዷል።

«ገደልሽው!» አልኳት።

«እንግዳ ቢመጣ ራቁቱን...» ብላ ጀመረችና ተወችው። አበባውን ታቅፋ ተቀመጠች። በዚያ ቃሌ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ሌላ ፓወር ሰፕላይ ለማግኘት አራት ወር ፈጀብኝ። ፍሎፒዋ ስትከፈት ደረቅ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በደብዳቤ ነበረች። ልዘጋው ስል ግን አንዱን አየሁና እናቴን ጠራኋት። ራቅ ብላ ቆመች። አነበብኩላት፦

«ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ ስለምትገኝ የሦስት ቀን ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ከሥሩ በሳምንቱ የተጻፈ ሌላ አለ፤ ያው ልመና ነው። ከዚያም ሦስተኛ።

«ድገመው» አለችኝ። ደገምኩላት።

«ጠይቆ ነበር እንዴ! ታዲያ ምነው አልነገረኝም?»

«ከለከሉኝ ማለት አሳፍሮት ይሆናል፣ እማዬ።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ገብታ ዳንቴሉን ይዛ መጣች፤ ማሽኑ አጠገብ ስትደርስ ግን ፈራች።

«ሲጠፋስ ማልበስ ይቻላል?»

«ከቀዘቀዘ ይቻላል» አልኳትና አጠፋሁት።

እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጇን ከላዩ ሳታነሳ ጠበቀች።