ጣፋጭ ውሃ

ባለፈው ወር ለአንድ ስብሰባ እዚህ አዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች ወደ አንዱ ገብቼ ነበር። ከእንግዳ መቀበያው ጎን የባሕር ዓሣ የሚኖርበት ትልቅ የመስታወት ገንዳ አቁመዋል። ያስቆመኝ ዓሣው ሳይሆን ሽታው ነው። የሐይቁን ሽታ እዚህ ያደገ ሰው ከልብሱ ሽታ ለይቶ አያውቀውም፤ ይሄኛው ግን ቀዝቀዝ ያለ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ጨው የደረቀበት ዓይነት ሽታ ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ በርጩማ ላይ ቆሞ ከባልዲ ውሃ እየቀዳ ይጨምራል። ምን ውሃ እንደሆነ ጠየቅኩት። ጎድሎ ስላየሁት ጨው በጥብጬ ነው አለኝ። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም፣ ስለዚህ በጎደለ ቁጥር ጨው የሌለው ውሃ ነው የሚጨመረው፣ እንዲህ ከቀጠልክ በወሩ ትጨርሳቸዋለህ አልኩት። ልጁ ሳቅ ብሎ የባሕር አገር ሰው ነዎት እንዴ አለኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን ያወቅኩት ከጋሽ ወልዱ ነው።

ጋሽ ወልዱ በደርግ ጊዜ ጎረቤታችን ነበሩ። በአንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት የቀበሌ ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእሳቸው። ምጽዋ ተወልደው ያደጉ፣ ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ሲጠጋ፣ ሚስታቸውን በቀበሩ በዓመቱ፣ አንድ ልጃቸውን ኪዳኔን ይዘው አዋሳ መጡ። እዚህም የሐይቁን አጥማጆች ሞተር እየጠገኑ ይኖሩ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥፍራቸው ሥር ሁልጊዜ ጥቁር ግራሶ ያለባቸው። አማርኛ ሲናገሩ እምብዛም አይቸግራቸውም፤ መጻፍ ላይ ግን የልጅነት ትምህርታቸው በጣሊያንኛ ስለነበር ፊደል እየለቀሙ ነው። የሚጻፍ ነገር ሲኖር የሚጽፍላቸው ኪዳኔ ነበር።

በመስኮታቸው ሥር፣ ወፍራም የእንጨት ጠረጴዛ ላይ፣ የባሕር ዓሣ የሚያኖሩበት መስታወት ነበር። ከአንድ የተዘጋ ሱቅ መስኮት ገዝተው፣ ራሳቸው ቆርጠው በማስቲሽ አጣብቀው የሠሩት ነው። ውስጡ ከአሰብ የመጣ የባሕር ውሃና ከባሕር የወጣ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ ቀኑን ሙሉ እንደ ጣት ያሉ ክንዶቹን የሚያወዛውዝ፣ አበባ የሚመስል እንስሳ ተቀምጧል። በዚህ አበባ መሃል ሁለት ዓሦች ይኖሩ ነበር፤ ብርቱካንማ፣ ሁለት ሁለት ነጭ ቀለበት ያላቸው፣ ሲጣሉ ውለው ማታ ተቃቅፈው የሚያድሩ። የባሕሩን ውሃ ከአሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ወዳጃቸው በየወሩ በጀሪካን ያመጣላቸዋል። እናቴ፣ ሐይቅ አጠገባቸው ተኝቶ ውሃ ከአሰብ የሚያስመጡ ሰው አየሁ እያለች ትቀልድባቸው ነበር። አይቀየሟትም። የሐይቁ ውሃ ለእነዚህ መርዝ ነው ይሉና ያ ነው፣ ሌላ አይጨምሩም።

ዓሦቹ የኪዳኔ ነበሩ። አንድ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከሾፌሩ ጋር አሰብ ድረስ ወርዶ፣ ውሃና አየር በተሞላ ላስቲክ ውስጥ ጭኑ ላይ ይዟቸው መጣ። በረሃውን ሙሉ ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ፣ አየሩን በብስክሌት መንፊያ እየቀየረ፣ እንቅልፍ ሳይተኛ። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። የሄደበትን ጠዋት አስታውሳለሁ። ልጆቻቸውን የሚሸኙ እናቶች ያለቅሱ ነበር፤ አባትና ልጁ ግን ሁለቱም ደርቀው መስታወቱ ፊት ቆመው ነበር። ኪዳኔ፣ «እስክመለስ ጠብቅልኝ» አለ። ጋሽ ወልዱ በራሳቸው እሺ አሉ።

ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው ያ መስታወት ሆነ። እኔ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸው ላይ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። እጃቸውን ከመክተታቸው በፊት ሰዓታቸውንና የመዳብ ቀለበታቸውን ያወልቃሉ፤ መዳብ ለአበባው ሞት ነው። በሳሙና የታጠበ እጅ አይገባም። ጨውነቱን የሚለኩት አሸዋ በከተቱባት የመድኃኒት ብልቃጥ ነበር፤ ብልቃጧ ላይ በጥፍር ቀለም መስመር አስምረዋል፣ መስመሩ ከውሃው በላይ ብቅ ካለ ጨው በዝቷል ማለት ነው። መብራት ሲሄድ አየር የምትነፋው ትንሽ ሞተር ትቆማለች። ያኔ ቀድመው የነፉትን የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ያመጡና አየሩን በቀጭን ቱቦ ቀስ እያሉ ውሃው ውስጥ ይለቁታል። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሄድ ነበር። የሆነ ሆኖ አንድም ዓሣ አልሞተባቸውም።

ከኪዳኔ ሰባት ወር ደብዳቤ ሳይመጣ ቀረ። በግቢው ውስጥ ማንም ምንም አይልም፤ በዚያን ጊዜ ስለ ጦር ሜዳ ዝም ማለት ጨዋነት ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ወልዱ ኮታቸውን ለብሰው በራችን ላይ ቆሙ። አዲስ አበባ ሄደው ሊጠይቁ ነው። አውቶቡሱ እንዳያመልጣቸው እየቸኮሉ ቁልፉን ሰጡኝና ምግቡን በቁንጥር ብቻ እንድሰጥ ነግረው፣ መብራት ከሄደ ካላማዳሪውን እንዴት እንደምከፍት አሳዩኝ። መስታወቱ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ምልክት አለ። «ውሃው ከዚህ ከወረደ ጣፋጭ ውሃ ጨምሪበት፤ የጀሪካኑን ጨው ውሃ እንዳትነኪ» አሉኝ።

ሲጨምሩ አይቼ አላውቅም፤ የሚጨምሩት ጠዋት እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነበር። ግን የገባኝ መሰለኝ። ትምህርት ቤት ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡ፣ ጉልበት ይሰጠዋል ተብለን ተምረናል። ጨዉ ውስጡ አለ፤ የቀረው ስኳሩ ነው። ስኳር በዚያን ጊዜ በቀበሌ ደብተር ከኅብረት ሱቅ ተሰልፎ የሚገኝ ነገር ነው። እናቴ በጣሳ አድርጋ ቁም ሣጥኑ ላይ ታስቀምጠዋለች። በማግሥቱ ውሃው አንድ ጣት ወርዶ አገኘሁት። በርጩማ ላይ ወጥቼ አራት ማንኪያ ወሰድኩ፣ በጆግ ውሃ በጠበጥኩ፣ ቀስ ብዬ አፈሰስኩ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ጥሩ ነገር እያደረግኩ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከእናቴ ጣሳ መስረቄን እንኳ ለኪዳኔ ነው ብዬ ለራሴ ይቅር አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ውሃው የሩዝ ቅቅል ውሃ መሰለ። ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። መብራት አለ፣ ሞተሯ ትሠራለች፤ ቢሆንም ካላማዳሪውን ከፈትኩ፣ አለቀ፣ ደግሜ ነፋሁ። ጉልበት ያነሳቸው መስሎኝ ጥቂት ስኳር ጨመርኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱም በጎናቸው ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። አበባው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተሸብሽቦ ድንጋዩ ሥር ወድቋል። አላለቀስኩም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሞተሯ ስትንጣጣ ሰማሁ። የተሰማኝን ብጠየቅ ዛሬም ምንም ነው የምለው፤ እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ወልዱ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ገቡ። ልጃቸው ከሞቱት ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ከቆሰሉትም ውስጥ የለም፤ ከዚህ በላይ የነገራቸው የለም። ኮታቸውን ሳያወልቁ መስታወቱ ፊት ቆሙ። ከዚያ ጆጉን አንስተው አዩት፣ ከሥሩ የቀረውን በጣታቸው ነክተው ቀመሱ።

«ስኳር ነው?» አሉ።

«ጣፋጭ ውሃ አሉኝ እኮ» አልኩ።

ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር፣ ግን የሚያዩኝ አይመስለኝም።

«እኛ አገር ጣፋጭ ማለት ጨው የሌለው ማለት ነው» አሉ። «ያጠፋው ቃሉ ነው ጓለይ፤ አንቺ አይደለሽም።»

ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ማታ እናቴ ዓሦቹ ምን ሆኑ ብላ ስትጠይቃቸው መብራት ሄዶ ነው አሏት። ስለ ጣሳው የተገረፍኩት ለሻይሽ ስኳር ሰረቅሽ ተብዬ ነው፤ ያም አልተሰማኝም። እሳቸው ውሃውን በባልዲ አውጥተው ደፉ፣ ድንጋዩን አወጡ፣ መስታወቱን አጥበው በጋዜጣ ወለወሉ። ሲሠሩ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ኪዳኔ አለ። ታሞ ሆስፒታል ነበር፤ አሁን ድኖ ወደ ጦር ክፍሉ ተመልሷል። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ስለ ራሱ ሦስት መስመር ጽፎ የቀረውን ገጽ ሙሉ ስለ ዓሦቹ ይጠይቃል። አሁንም ይጣላሉ ወይ? አበባው አድጓል ወይ? እነሱን እያሰብኩ ነው የምተኛው ይላል። ጋሽ ወልዱ ደብዳቤውን ተቀብለው አጠፉት። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አደረጉ፣ ባዶው መስታወት ፊት ለፊት ተቀመጡና «ጻፊ» አሉኝ። «ዓሦቹ ደህና ናቸው።»

ጻፍኩ። አራት ዓመት ያህል ጻፍኩ። በየደብዳቤው አንድ ነገር ይነግሩታል፣ ያን ቀን ያደረጉት አስመስለው። ዛሬ ከአሥር አንዱን እጅ ውሃ ቀየርኩ፣ ሁሉን አንዴ መቀየር ያስደነግጣቸዋል። አዲሱን ድንጋይ ሳላስገባ ለብቻው በባልዲ አቆየሁት፣ ከውስጡ የሚሞት ነገር ካለ ውሃውን እንዳያበላሽ። የከሰዓቱ ፀሐይ መስታወቱን አረንጓዴ ስለሚያለብሰው መጋረጃ ሰቀልኩ። ወፍራሙ ስስታም ሆኗል፣ በሁለት ደቂቃ የማይጨርሱትን አልሰጥም። ሲናገሩ ድምፃቸው አይወርድም አይወጣም። እኔም ቃል በቃል አሰፍራለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ይህ ውሸት ነው አላልኳቸውም። ውሃ ጨመርኩ በሚሉበት ቦታ ሁሉ የዝናብ ውሃ ነበር የሚሉት። ያን የድሮ ቃላቸውን እኔ ባለሁበት ዳግመኛ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ደርግ በወደቀ ጊዜ ወታደሩ በየመንገዱ ተበተነ። ኪዳኔ አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ገባ፤ ከስቶ፣ ጥርሱ ብቻ ቀርቶ፣ ሸበጥ ጫማ አድርጎ። አባቱን ሳመ፣ እኔንም ሳመኝ። ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ መስታወቱ ፊት ቆመ። የተወለወለ፣ የደረቀ፣ ባዶ ነው። ጋሽ ወልዱ ዓይናቸውን መሬት ላይ አደረጉ። አራት ዓመት ሲደነዝዝ የኖረው ነገር ያን ጊዜ ደረቴ ውስጥ አመመኝ፤ ፈራሁ፣ አፈርኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ስኳር ጨምሬባቸው ነው። በሄድክ በዓመቱ።»

ኪዳኔ አልተገረመም። ማወቁን ነገረን፤ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ደብዳቤ ጀምሮ ያውቅ ነበር። በደብዳቤዎቹ ውስጥ መብራት አንድም ቀን ሄዶ አያውቅም። ሞተሯ አልተበላሸችም፣ ሾፌሩ አልዘገየም፣ ውሃ አላነሰም። አዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ወር የለም አለ።

«ታዲያ ለምን መጠየቅህን አልተውክም?» አልኩት።

አባቱን አየ።

«ብተው ምን ይጽፍልኝ ነበር?» አለ።

ጋሽ ወልዱ ተነስተው ልጃቸው የሚታጠብበትን ውሃ ሊያሞቁ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረው እዚሁ ተቀበሩ። ኪዳኔ ወደ ትውልድ አገሩ ሲመለስ ደብዳቤዎቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ጽሕፈቱ የአንቺ ነው፣ አንቺ ያዢው አለኝ። ከልጅ እጅ ጽሕፈት ተነስቶ ወደ ትልቅ ሰው እጅ ሲለወጥ ይታያል። አንዳንዴ አውጥቼ አነባቸዋለሁ። የባሕር ዓሣ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁሉን እዚያ ያገኘዋል፤ እኔ ግን አንድም ዓሣ አሳድጌ አላውቅም።