የሀስና የእጅ ፍሬን

ሀስና ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የቆረጠችውን ጥብጣብ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ሌላውን በፍሬኑ እጀታ ላይ እያጠበቀች ትጠመጥማለች። የቆቦ ሙቀት ገና በማለዳው መዳፍ ያረጥባል። ብረት በላብ ያዳልጣል፤ ጎማ የጨበጠ እጅ ግን አይላቀቅም። ጠምጥማ ስትጨርስ ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ አድርጋ ሞከረችውና የፍሬኑ ሽቦ፣ ካቦው፣ በሚያልፍበት ሁሉ ግራሶ ቀባች። ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ጠቆሩ። ሌላዋ ሴት እንሶስላ ትሞቃለች፣ እኔ ግራሶ እሞቃለሁ የምትለው ለዚህ ነው።

ይህች እጀታ በባጃጅ ላይ የተለመደች አይደለችም። ባጃጅ የሚቆመው ፔዳል በቀኝ እግር ተረግጦ ነው። የሀስና ቀኝ እግር ደግሞ በሕፃንነቷ ትኩሳት ይዟት ሲለቃት ቀጥኖ የቀረ ነው፤ በዱላ ተደግፋ ትራመድበታለች እንጂ ፍሬን የመርገጥ አቅም የለውም። ሰዉ ሁሉ አንቺና ባጃጅ አትገናኙም ሲላት እሷ ነገሩን ገልብጣ አየችው። እግሯ ስንት ሐኪምና ስንት ወጌሻ ዞሮ እንደሄደ ተመልሷል። ፔዳል ግን ብየዳ ቤት ሄዶ ሌላ ነገር ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ከዚያ በፊት ኑሮዋ የወንድሟ የሙዓዊያ ሱቅ ደጃፍ ነበር። አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ ከዋጃ የሚመጣውን፣ ወደ ጎብዬ የሚሄደውን ስትቆጣጠር ትውላለች። የሞተር ድምፅ ብቻ ሰምታ የማን መኪና እንደሆነ ትናገር ነበር። ሰው መንገድ የሚያውቀው በመሄድ ነው ይባላል፤ እሷ በመቀመጥ አወቀችው። የሚያልፈው ሁሉ እንዴት አደርሽ ይላታል፤ ነይ እንሂድ የሚላት ግን አልነበረም።

አባቷ ሲሞቱ የደረሷትን ግመሎች እንዲሸጡላት አጎቷን ሙሀመድሰይድን ለመነቻቸው። ሙሀመድሰይድ ከአፋር በረሃ እስከ ቆቦ ገበያ ግመል ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው። እሾህ የሚበላ እንስሳ ሸጦ ቤንዚን የሚጠጣ ብረት መግዛት ምን የሚሉት እብደት ነው ብለው አኮረፉ። ኩርፊያቸው ሲያልፍ ሸጡላት፤ ባጃጇ ግቢ የገባች ዕለትም ቀድመው ዱዓ ያደረጉላት እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በያጁ ጀሚል ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ የፍሬን እጀታ ፈትቶ በቀኝ እጇ በኩል ገጠመላት። ካቦ ወደ ታች አውርዶም ፔዳሉ ሲረገጥ ይገፋው ከነበረው ብረት ጋር አገናኘው። ፔዳሉን ራሱን አስቆረጠችው፤ ጫማዋ ከሥሩ እየገባ ይያዝባት ነበርና። በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ እስኪበቃት ተለማመደች። መንጃ ፈቃዷንም አወጣች።

መጀመሪያ ሰው ፈራት። ቀስ በቀስ ግን እናቶች ሌላውን ባጃጅ አሳልፈው እሷን መጠበቅ ጀመሩ። ነፍሰ ጡር የጫነች እንደሆነ የቆቦን ጉድጓድ አንድ በአንድ እየሸሸች ነው የምትነዳው። ያልቸኮለ ሰው በሀስና ይሂድ እያሉ የሚቀልዱባት አሉ። እሷም የቸኮለ ሰው ትናንት መነሳት ነበረበት ትላቸዋለች።

እንዲህ እያለች ስትሠራ የቦሎዋ ጊዜ ደረሰ። ቦሎ በየዓመቱ ተሽከርካሪው ተመርምሮ የሚለጠፍለት ወረቀት ነው፤ እሱ የሌለው ባጃጅ ግቢ ውስጥ የቆመ ቆርቆሮ ነው። ያለፈው ቦሎ የወጣው ፔዳሉ ሳይነካ ነበር። ስለዚህ እጀታዋ መርማሪ ፊት ስትቀርብ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሙዓዊያ ለእህቱ አዝኖ አንድ ነገር አሰበላት። ካለፈችልሽ እሰየው፣ ካላለፈችልሽ ግን ፔዳሉን እናስመልስና እኔ እነዳታለሁ፤ አንቺ ቤትሽ ተቀምጠሽ ትበያለሽ አላት። ተቀምጠሽ ብዪ ምርቃት ነው። ትልቅ ሰው ልጁን የሚመርቅበት ቃል ነው። ሀስና ግን ያን ቃል ስትሰማ የሱቁ ደጃፍ፣ ስትቀመጥበት ኖራ ያለሰለሰችው ድንጋይ፣ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ባንዴ መጣባት። ተቀምጦ መብላትን እሷ ጠግባዋለች። እሺ አለችው፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም። ያን ማለዳ እጀታዋን ስትጠመጥም የነበረችው ለዚህ ነው።

ምርመራው የሚደረገው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ግራር ያለበት ሜዳ ላይ ነው። ሙዓዊያ ከኋላ ተቀመጠ፤ ሙሀመድሰይድም በትራቸውን ይዘው አብረው መጡ፤ ዘመዴ ብቻዋን አትከራከርም ብለው። ባጃጆቹ ተሰልፈዋል። ከሀስና ፊት የቆመው ውዱ ነበር። ውዱ ባጃጁ ላይ የጭነት መኪና ጡሩምባ ያስገጠመ፣ ቀልድ የሚወድ ጎረምሳ ነው። በቅርቡ እንኳ ጎብዬ መንገድ ላይ ያን ጡሩምባ ሲነፋው የሙሀመድሰይድ ግመል ደንብሮ የተጫነውን የማሽላ አገዳ በአስፋልቱ ሙሉ በትኖታል። ሽማግሌው እስካሁን ሰላምታውን የሚመልሱለት በግማሽ አፋቸው ነው።

መርማሪው ይርጋ የዋጃ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ በሥራው የማያሾፍ ሰው። የውዱን ጡሩምባ አንዴ አስነፍቶ ሰማና ነቅለህ ተመለስ አለው። ውዱ የራሴ ንብረት አይደል ወይ ብሎ ቢከራከርም አልሆነለትም። ወዲያው አልሄደም፤ የሀስናን ጉድ ሊያይ ቆመ።

ይርጋ የሀስና ባጃጅ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ። እግሩ ባዶ ወለል አገኘ።

«እህቴ፣ የእግር ፍሬኑ የት አለ?»

«የለውም። የኔ የእጅ ፍሬን ነው» አለችው።

ይርጋ ዘሎ ወረደ። በሹፌር ቋንቋ የእጅ ፍሬን ማለት የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት የሚጎተተው ማሰሪያ ነው እንጂ በሩጫ ላይ ያለውን ማቆሚያ አይደለም። ይህች ሴት ያለ ፍሬን የቆቦን እናቶች ጭና ስትዞር ከርማለች ብሎ ደነገጠ።

«ታዲያ እስከዛሬ በምንድን ነው የምትቆሚው?»

«በአላህ» አለ ውዱ ከጎን፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

ሀስናም ስቃ ነገሩን አስረዳችው። እጀታዋን ጨበጠች፤ ካቦው ከታች ብረቱን ሲስብ አሳየችው። ይርጋ ጎንበስ ብሎ አየ፤ እሱም በራሱ ድንጋጤ ሳቀ። ቀና ሲል ግን ፊቱ ተመልሶ የመርማሪ ፊት ሆኗል። ገብቶኛል፣ ነገር ግን ባጃጁ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲህ አልነበረም፤ የተለወጠ ነገር እኔ በራሴ ማሳለፍ አልችልም አላት።

ሙሀመድሰይድ ይህን ጊዜ በትራቸውን መሬት ተክለው ገቡበት።

«ስማኝ ልጄ። ግመል ገዝቼ ወደ ቤቴ ስወስዳት ጭነቷን በምን ገመድ ልሰር ብዬ ሻጩን አስፈቅዳለሁ? አላስፈቅድም። ምልክቴን በጋለ ብረት እተኩስባታለሁ፤ በቃ የኔ ናት። ይህችም ልጅ ገዝታዋለች። ቢያሻት ክንፍ ታብጅለት።»

«እንግዲያው አባባ» አለ ይርጋ፣ «የውዱም ጡሩምባ ይለፍ?»

«እሱማ ይነቀል እንጂ!»

«ለምን አባባ? እኔስ ባጃጄን አልገዛሁትም?» አለ ውዱ።

«ባጃጁን ገዝተሃል። ጡሩምባህ ግን የኔን ግመል ነው የነዳው።»

ሰልፉ እንደገና ሳቀ። ሙሀመድሰይድ የተናገሩት ከተናገሩት ጋር እንደተጋጨ ሳይታወቃቸው አልቀረም፤ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። የሳቀው ሁሉ ሲስቅ ሀስና አልሳቀችም። ወንድሟ ከኋላ ወርዶ መሪው አጠገብ ቆሟል፤ ቁልፉን የሚረከብ ይመስላል።

«አንተ ራስህ ንዳት» አለችው ለይርጋ። «በኔ እጀታ ንዳት። ካልቆመችልህ አታሳልፈኝ፤ ሰው ልግደል አላልኩም። ከቆመች ግን ለምን እንደማይሆን ንገረኝ።»

ይርጋ ትንሽ አሰበና ወጣ። ከሜዳው ጫፍ እስካለው ቁልቁለት ድረስ ነድቶ ሄደ፤ ባጃጇ ቀጥ ስትል፣ እንደገና ስትሄድ፣ እንደገና ቀጥ ስትል ከሩቅ ታየች። ሀስና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ሞተሩን አጠፋ።

«ቆማለች» አለ። «ደህና አድርጋ ነው የቆመችው። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። አንድ ቀን ብትታመሚና ወንድምሽ ቢነዳት፣ ድንገት ልጅ ፊቱ ቢገባበት፣ እግሩ ምን ይረግጣል?»

ሀስና ፔዳል የሌለበትን ወለል አየች። ባጃጇን በራሷ ልክ ስትሰፋ ሌላ ሰው ይለብሳታል ብላ አላሰበችም ነበር። ሙዓዊያ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንድ ቀን እሷ ሳታይ ግቢ ውስጥ ሊያንቀሳቅሳት ሞክሮ እግሩ ወለሉን ሲመታ ባጃጇ አጥር ላይ እንደወጣችበት ተናዘዘ። ያኔ አጥሩን ያፈረሰው የጎረቤት ፍየል ነው ያለው እሱ ነበር።

ይርጋ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባባ፣ እኔም የቆላ ልጅ ነኝ። ምልክትዎን ሲተኩሱ የሻጩን ምልክት ይፍቁታል?»

«አስተግፊሩላህ! የሚፍቅ ሌባ ነው። ከጎኑ ነው የሚተኮሰው፤ ከማን ወደ ማን እንደመጣች...» ሙሀመድሰይድ መሃል ላይ ቆሙ። ባጃጇን አዩ፣ ይርጋን አዩ። ቀስ ብለው «ከጎኑ ነው» አሉ።

«ከጎኑ ይሁን እንግዲህ። እጀታዋ ትኑር፤ ፔዳሉም ይመለስ። በሁለቱም ስትቆም አሳዩኝ።»

ሙሀመድሰይድ በገዛ ገመዳቸው መታሰራቸውን ወደ ከተማ እስኪመለሱ ድረስ እየሳቁ ሲያወሩት ሄዱ። አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ የዋጃ ሰው ነገር ያውቃል አሏት። ሀስና ግን አሳቧ ጫማዋ ላይ ነበር። ፔዳሉ ተመለሰ ማለት እግሯ እንደገና ከሥሩ ሊያዝ ነው፤ እግሯ ተያዘ ማለት ደግሞ የሙዓዊያ ቃል እውነት ሊሆን ነው።

ጀሚል ብየዳ ቤት ሲደርሱ ፔዳሉ አልጠፋም። ጀሚል ብረት መጣል አይወድምና የበሩ እጀታ አድርጎ በይዶታል። ደንበኛ ሁሉ ሲገባ ሲወጣ የሀስናን ፍሬን ሲጨብጥ ከርሟል። በሬን በምን ልዝጋ ብሎ ቢያጉረመርምም ፈታው። ሀስናም አንድ ነገር ነገረችው፤ እንደ መስኮት መቀርቀሪያ የሚታጠፍ ይሁንልኝ አለችው፤ ስነዳ ወደ ላይ ይታጠፍ፣ ወንድሜ ሲነዳ ወደ ታች ይውረድ፤ ታጥፎም ወርዶም የሚይዘው ነገር ይኑረው። ጀሚል ሁለት ሦስት ጊዜ አበላሽቶ ሠራው። በሩን በገመድ አሰረ።

ወደ ሜዳው ሲመለሱ ፀሐይ ጠና ብላ ነበር። ይርጋ መሬት ላይ ተንጋልሎ ከሥር አየ፤ ማጠፊያውን ደጋግሞ ወዘወዘ። ሙዓዊያን በእግሩ አስነዳው፤ ቆመች። ሀስናን በእጇ አስነዳት፤ ቆመች። ከዚያ ስልክ አውጥቶ አለቃውን አነጋገረና ተመለሰ። የተጨመረውን ሁሉ መዝግቦ እንዲያሳልፍ ተፈቅዶለታል። ቦሎውን ሰጣት፤ ግን በሚመጣው ዓመት ሌላ መርማሪ ቢመጣ አይሆንም ሊልሽ ይችላል፣ ያኔ እኔን ፈልጊኝ አላት።

ሀስና ቦሎውን በግራሶ እጇ እንዳታቆሽሸው በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ቆመች።

«አንተ ደግ ሰው ሆንክልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ» አለችው። «ደግ ሰው ያልገጠመውስ? በገዛ ዕቃው ለገዛ አካሉ የሚሆነውን ሲያበጅ፣ መርምሩት ግን አትከልክሉት ብሎ ሕግ የሚጽፍለት የለም?»

ይርጋ መዝገቡን ዘጋ። እውነትሽን ነው፤ ለአለቆቼ እነግራለሁ፤ ግን የኔ መንገር የሚበቃ አይመስለኝም አላት። ያልሆነውን ይሆናል ብሎ ስላልሸነገላት ወደደችው።

ውዱ ጡሩምባውን አስነቅሎ በዚያው ሰዓት ተመልሶ ነበር። ሙሀመድሰይድን ሲያይ አፉን በእጁ ከልሎ እንደ ጡሩምባ ጮኸባቸው። ሽማግሌው በትራቸውን አነሱበት፤ ሳቃቸው ግን አመለጣቸው። ሙዓዊያ ቁልፉን ለእህቱ ሰጥቶ ከኋላ ገባ። አጥሩን በፍየሉ ላይ ያመካኘህበትን አልረሳሁም አለችውና በዱላዋ ፔዳሉን ወደ ላይ አጥፋ ነዳች። አሁንም ትነዳለች፤ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ቀትር ላይ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ማታ ገበያ።

ቆቦ የምትመጡ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዱላዋን ከጎኗ አስደግፋ፣ መሪውን ይዛ ከባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ስታገኟት ሹፌሩ የት ሄደ ብላችሁ አትጠይቋት። የምትሄዱበትን ንገሯትና ግቡ።