ከአጥሩ ማዶ የተሰማው ዜና

ስለ አንድ ሰው ሳታጣሩ ያወራችሁት ወሬ፣ ቆይቶ ከራሱ ከሰውዬው ፊት አቁሟችሁ ያውቃል? እኔን አቁሞኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ እያለከለከች መጥታ፣ «ቲቸር፣ ትኩስ ዜና! የጥበቃው ጋሽ ታደሰ ኳሳችንን ሸጠውታል አሉ፤ በሚኒ ሚዲያ ላንብበው?» ስትለኝ ሁሉም ትዝ አለኝ።

ለማያውቅ ላስረዳ፤ ሚኒ ሚዲያ ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዜና የሚያነቡበት የትምህርት ቤት ክበብ ነው። ጌጃ ሰፈር ስማር አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። ማጉያው በሩ ላይ ስለተሰቀለ ድምፄ መንገዱ ድረስ ይሰማል፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ከበሩ ውጭ እትዬ ዘይነባ ቦምቦሊኖ ይሸጡ ነበር። ሰኔ ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ፣ በወረቀት የተጠቀለለው ትኩስ ቦምቦሊኖ ከሆድ በፊት እጅ ያሞቃል። ታዲያ አንድ ቀን የክፍላችንን ልጆች ሆዳቸውን አመማቸው። «ቦምቦሊኖው ነው» አለ አንዱ። ለእኔ ይሄ በቂ ነበር። ማጉያውን የሚከፍተው ብሩክ ግን አመነታ።

«እሳቸውን ጠየቅሻቸው?»

«ብጠይቃቸውስ አዎ ሊሉኝ ነው? ይልቅ ክፈተው፣ እረፍት አለቀ!»

«እሺ፣ አራዳዋ» አለና ከፈተው።

ስማቸውን ጠርቼ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ የሚገዛቸው ጠፋ፤ እሳቸውም ቦታውን ለቀው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹን ያመማቸው የትምህርት ቤቱ የታንከር ውሃ መሆኑ ታወቀ። ያን ጊዜ ግን ፈተና ደርሶ ሚኒ ሚዲያው ተዘግቶ ነበር።

እያፈላለግኩ ሰንጋ ተራ፣ ሕንጻ የሚሠራበት አጥር ሥር አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ተሳስቼ ነው።»

ቀና አላሉም፤ ዘይቱ ውስጥ ያለውን እያገላበጡ፣ «ስታነቢ እኮ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ እየሰማሁሽ ነበር። ድምፅሽ እኔ ዘንድ ከደረሰ እግርሽ ምን ነካው?» አሉኝ። ከዚያ አንድ ቦምቦሊኖ በወረቀት ጠቅልለው ዘረጉልኝ። «እንኪ ብይ፤ ካልፈራሽ።»

በላሁ። ጣዕሙ ያው የድሮው ነበር።

መስከረም ላይ ማስተካከያውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ግቢው ሰማ። ከአጥሩ ማዶ ግን የሚሰማኝ አልነበረም።

ለዚህ ነው ተማሪዬን፣ «መጀመሪያ ጋሽ ታደሰ ዘንድ እንሂድ» ያልኳት። እናንተም ዛሬ ስልካችሁ ላይ ስለምታውቁት ሰው ወሬ ቢመጣ፣ ለሌላ ሳትልኩት በፊት እስኪ ለራሱ ደውሉለትና ጠይቁት። አንዴ ብቻ ሞክሩት።