እጅጌ የነካት ኳስ

ኢድዋል ፕሮሰር በዌልስ የኩምደርዌን መንደር ማዕድን ሠራተኞች ክበብ ሲገባ ሰላም የሚለው የለም። እሱም ደንታ የለው። ካፖርቱን ይሰቅልና በቀጥታ ኳስ በዘንግ እየተመታ ኪስ ወደሚገባበት የስኑከር ጠረጴዛ ይሄዳል።

የጠሉት በሼፊልድ ምክንያት ነው። በጎልማሳነቱ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሆኖ በዚያች የእንግሊዝ ከተማ በሚደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሩብ ፍጻሜ ሲደርስ፣ መንደርተኛው አውቶቡስ ሞልቶ ሊያየው ሄደ። ሊያሸንፍ ጥቂት ኳሶች ሲቀሩት አጎንብሶ ሲያነጣጥር እጅጌው ሮዝ ኳሷን ነካ። ዳኛው አላየም። ኢድዋል ግን ቀና ብሎ «ነክቻለሁ» አለ። የስኑከር ወጉ ይኸው ነው፤ ኳስ በልብስ መንካት ጥፋት ነው፣ ጥፋትህንም ራስህ ትናገራለህ። ተራው አለፈ፣ ተጋጣሚውም የቀሩትን ኳሶች ጠራርጎ አስገባ። ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ የዘፈነ አልነበረም። የዌልስ ሰው ሳይዘፍን ወደ ቤቱ ከተመለሰ በእርግጥ ከፍቶታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ «ቅዱስ ኢድዋል» ይሉታል። ለስድብ ነው።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው አልቀና አለው፤ ውድድሩን ትቶ አሠልጣኝ ሆነ። ግን አፉ እሬት ነው፤ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ሸሹት። የቀረችው ሜይኒር ብቻ ናት፤ አውቶቡስ ነጂ ናት፣ ስድቡን ከነምርቃቱ ትመልስለታለች።

ዘንድሮ የክበቡ ሊቀመንበር ሄይደን ቤዶ ጠረጴዛው ወጥቶ የቢንጎ ተጫዋቾች ወንበር ይግባ አለ። «ልጅቷ የሸለቆውን መንደሮች ዋንጫ ካመጣች ይቆይልህ። ካላመጣች ማገዶ ነው» አለው ፊት ለፊት። ለኢድዋል ደግሞ ከዚያ ጠረጴዛ ሌላ የቀረው ነገር የለም።

የፍጻሜው ዕለት እዚያው ክበቡ ውስጥ ሜይኒርን ወደ ጥግ ጎተታት። «ስሚኝ፣ እጅጌሽ ኳስ ቢነካ፣ ዳኛው ካላየ አፍሽን ዝጊ። እኔ ተናግሬ ምን አተረፍኩ?»

«ዛሬ ደግሞ በየትኛው ጎንዎ ነው የተነሱት?» ብላው ሄደች።

በመጨረሻው ዙር እየመራች ሳለ እጅጌዋ ሰማያዊ ኳሷን ነካ አደረጋት። ከኢድዋል በቀር ያየ የለም። መሬት መሬቱን እያየ ዝም በይ፣ ዝም በይ ይላል በልቡ።

«ነክቻለሁ» አለች ሜይኒር።

ተራዋ አለፈ፤ ዋንጫውም ወደ ጎረቤት መንደር ሄደ። ቤዶ የቢራ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ። «አንተ የተረገምክ ሽማግሌ! አንተ መጥፋትህ ሳያንስ እሷንም አበላሸሃት? አንተ ነህ ይህን ያስተማርካት!»

ኢድዋል ዙሪያውን አየ። በሕይወቱ እንዲህ ደስ የሚል ስድብ ተሰድቦ አያውቅም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ሜይኒር መምቻ ዘንጓን እየፈታታች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። «አይደሉም። አፍሽን ዝጊ ነው ያሉኝ።»

ኢድዋል ካፖርቱን አንስቶ ወጣ። በዚያ ቤት ዕድሜውን ሙሉ ሲሰደብ ኖሯል፤ ያፈረው ግን ያን ዕለት ነው።