መስመር የሌለው ጎን

ጣቴ መስመሩን ከእኔ ቀድሞ አገኘው። ቡራዩ ነው፤ የክፍል ጓደኛዬ ቤት። ቴሌቪዥኑ አጠገብ የቆመውን ነጭ ፒኤስ ፋይቭ ጌም ማጫወቻ «አየሽው?» ብላ ስታሳየኝ እጄ ሳላዘው ሄዶ ጎኑን ዳሰሰ። መሀሉ ላይ ጥፍር ብቻ የምታስገባ ቀጭን ስንጥቅ አለችው። ሽታውም ያው የማውቀው ነበር፤ ከካርቶን የወጣ አዲስ ፕላስቲክ፣ አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ የሚል።

«ሲዲ አይወስድም እኮ» አለች ጓደኛዬ። «ሲዲ የሚገባበት ድራይቭ ለብቻው ይሸጣል አሉ። ይቺን ጎን ከፍተው ነው የሚገጥሙት። አባዬ ፈልጎ ፈልጎ አጣ።»

እኔ ያ ድራይቭ የት እንዳለ አውቃለሁ። ግን ውሃ ጠማኝ ብዬ ወደ ጓዳ ሄድኩ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የምንኖረው ሰበታ ነበር። ወንድሜ ዓለም ገና፣ ከታክሲ መያዣው ጀርባ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቶ ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ክር ፋብሪካ ሠርቷል። የማሽኑን ጩኸት በጆሮው ይዞት እቤት ይገባ ስለነበር እናቴ ሦስቴ ካልጠራችው አይሰማትም። ጌም ቤቱን የከፈተ ቀን «ከእንግዲህ የምሰማው ጩኸት የጎል ብቻ ነው» አለን።

ጩኸትማ ነበር! ሁለት ፒኤስ ስሪ፣ ሁለት ትንንሽ ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ፀሐይ እንዳይገባ የተሰቀለ ቡናማ መጋረጃ። ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ስለዚህ ማንም በሰላም አይሸነፍም። ክፍሉ የጋለ ሽቦ፣ ዝናብ የመታው ሹራብና የሱፍ ፍሬ ይሸት ነበር። የክፍሉ ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰፈሩ በሙሉ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ ብቻ ነው የሚላቸው። ጠዋት ጠዋት ከዘራቸውን በሩ ላይ ተደግፈው «አካም ቡልቴ? ዛሬም ሊጮኹ ነው?» ይሉታል ወንድሜን፤ አካም ቡልቴ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው።

«እንዲጮኹ ይጸልዩልኝ ኦቦ!»

«እኔ ልጸልይ? ጆሮዬን አጥፍተውት!» ይላሉ። ግን እየሳቁ ነው።

እኔ ብዙ አልጫወትም ነበር። ሴት ልጅ ጆይስቲክ ስትይዝ ክፍሉ ሙሉ አስተማሪ ይሆናል፣ ያናድዳል። የእኔ ነገር ሌላ ነው፤ የሒሳብ ደብተሬ የኋላ ገጾች። እዚያ ላይ ሁሉም ነበር። ስሪ ወፍራሙ፣ ስሪ ቀጭኑ፣ ፎር፣ ፎር ስሊም፣ ፎር ፕሮ፣ ፋይቭ ሲዲ የሚወስደው፣ ፋይቭ የማይወስደው። የትኛው ስንት ጊጋ ይይዛል፣ የትኛው ጆይስቲክ ለየትኛው ይሆናል፣ አዲሱ ስንት፣ ያገለገለው ስንት። ስልክ ላይ የሻጮችን ማስታወቂያ እየተከታተልኩ በየሳምንቱ አርማለሁ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደንበኛ ነበረን፣ አፉ የማያርፍ፤ «ዶክተር» የሚል ስም ያወጣልኝ እሱ ነው።

«ዶክተር፣ ፎር ስሊም ዛሬ ስንት ገባ?»

እኔ ደብተሬን ሳልገልጥ እናገራለሁ። ወንድሜ ቀና ብሎ ያየኛል። ያንን አስተያየቱን ለማግኘት የማላነበው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ከአስፋልቱ ማዶ ሌላ ጌም ቤት ተከፈተ። ሁለት ፎር ይዞ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወንበሮቻችን ባዶ ሆኑ። የባጃጁ ሹፌር ለመሰናበት ይመስል አንድ ቀን ብቅ ብሎ «ወንድሜ፣ ያንተ ጌም ላይ ያሉት ተጫዋቾች እኮ ጡረታ ወጥተዋል! ግማሾቹ አሠልጣኝ ሆነዋል!» አለና ተሻገረ። ወንድሜም ሳቀ። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ጆይስቲኩን በሹራቡ ጫፍ ሲወለውል፣ ሲወለውል ቆየ።

«ፎር ብንገዛ እኩል ነው የምንሆነው» አለኝ። «ፋይቭ ከገዛን ግን ዓለም ገና ላይ ብቻችንን ነን። ይሄ ካልሆነ ወደ ክሩ መመለሴ ነው።»

ሁለቱንም ስሪ ሸጠ። ከፋብሪካው ያጠራቀመውን አወጣ። መስከረም ሲጠባ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እኔን አስከትሎ መርካቶ ወረደ። እንዳማክረው ነው የወሰደኝ። እኔን!

ሱቁ ፎቅ ላይ ነበር፣ ጠባብ፤ እስከ ጣሪያው ካርቶን። ሻጩ ሁለት ካርቶን አወረደ። «ሲዲ የሚወስደው ይሄ፣ የማይወስደው ይሄ» አለ። ልዩነታቸው አሥራ አምስት ሺህ ብር። ወንድሜ ሰው ሁሉ እያየ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«የማይወስደውን» አልኩ። ድምፄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ የዜና አንባቢ ድምፅ። «ድራይቩ በኋላ ይገጠምለታል። ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ። በሚተርፈው ትልቅ ቴሌቪዥን እንገዛበታለን።»

ሻጩ ሳቀ። «ይቺማ ከእኔ በላይ ታውቃለች!» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ከልቡ አምኖኝ ነው። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። እኔ ያንን እያየሁ፣ የእጅ ጽሑፉ እንዴት ያምራል ብዬ ነበር የማስበው።

ፋይቩ በተከፈተ ቀን ክፍሉ ጢም አለ። ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን ሊያክል ምንም አልቀረው። ወንድሜ አበራው፣ ሁሉም «ኧረ!» አለ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ነጭ ሮቦት ወጣች።

ከማሽኑ ጋር አብራ የምትመጣው እሷ ብቻ ናት። ትዘላለች፣ ትሮጣለች፣ ሳንቲም ትለቅማለች። ለብቻ ነው የሚጫወቷት፤ ተሸናፊ የለም፣ ስለዚህ ከፋይም የለም። የኳሱን ጌም ከኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል ይባላል። ወንድሜ ጥቅል ገዝቶ ከስልኩ ጋር አገናኝቶ ሞክሮ ነበር፤ ጌሙን ለመግዛት መጀመሪያ የውጭ አገር ካርድ ጠየቀው። እከፍልልሃለሁ የሚል ሰው ቢያገኝ እንኳ፣ ጌሙ የሚጠይቀውን ጊጋ አይቶ ስልኩን ዘጋው። በዚያ ኔትወርክ ልጅ ወልዶ ማሳደግ ይቀላል።

«ኳስ የለም?»

«ለጊዜው የለም።»

«በፋይቭ ሮቦት ማሳደግ ጀመራችሁ?» አለ የባጃጁ ሹፌር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሳቁ ጋር ሰውም ወጣ።

አሁን የምናገረው ያሳፍረኛል። በእነዚያ ሳምንታት ከእኔ በላይ ደስተኛ ልጅ ዓለም ገና ላይ አልነበረችም። ክፍሉ ባዶ ነው፣ የሚያስተምረኝ ወንድ የለም፣ ወንበሩ የእኔ፣ ሮቦቷ የእኔ። አሸዋ ላይ ስትሄድ ጆይስቲኩ መዳፌ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። ዝናብ ሲዘንብባት ጠብታው በጣቶቼ መሀል ይሰማኛል፤ ከላይ ደግሞ የእውነቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወንድሜ የማዶውን ግርግር ላለማየት ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። «ዝለይ፣ ዝለይ፣ አሁን ዝለይ» ይለኛል። ስወድቅ እንደገና ጀምሪ ይለኛል።

የጎረቤታችን ልጅ ዱባይ ትሠራ ነበር፤ ለገና ልትመጣ ነው ተባለ። ወንድሜ ድራይቩን እንድታመጣለት መልእክት ላከላት። በሩ ላይም በካርቶን ጽፎ ሰቀለ፤ «ኳስ ለገና ይመጣል!»

ኅዳር ላይ አንዷ የክፍል ልጅ ያንን የድራይቭ ቪዲዮ በስልኳ ስታይ ደረስኩ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ክፍል ውስጥ ተደብቄ፣ ድምፁን አጥፍቼ ነበር። አሁን ድምፅ አለው። ሰውየው ጣቱን ነጩ ጎን ላይ እያስኬደ ያሳያል። ድራይቭ የሚገጠመው አዲሱ ሞዴል ላይ ብቻ ነው ይላል፤ በዚህች መስመር ትለዩታላችሁ። የፊተኛው ሞዴል ጎኑ አንድ ወጥ ነው፣ ለሁለት አይከፈልም፣ ምንም አይገጠምለትም።

ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ሄድኩ። ወንድሜ ምሳ ወጥቷል። ጣቴን ነጩ ጎን ላይ አስቀመጥኩ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ። እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። በሌላው ጎንም ሞከርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። መጋረጃው ተገለጠና ወንድሜ ገባ።

«አቧራ እየጠረግሽ ነው?»

«አዎ» አልኩት፤ በዩኒፎርሜ እጅጌ ጠረግኩት።

ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ያን ቀን ብነግረው ኖሮ ማሽኑንም ቴሌቪዥኑንም ሸጦ፣ ትንሽ ጨምሮ፣ ሲዲ የሚወስደውን ማግኘት ይችል ነበር። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ዋጋ ማወቅ ሥራዬ ነበር። ከዚያ ዶላሩ ጨመረ እየተባለ የሁሉም ዋጋ በየሳምንቱ ይጨምር ጀመር። ደብተሬ ላይ እየሰረዝኩ እጽፋለሁ፣ እየሰረዝኩ እጽፋለሁ፤ አንድ ቀን ላይ መጻፌን ተውኩት። የባጃጁ ሹፌር መንገድ ላይ አግኝቶ «ዶክተር፣ ፋይቭ ስንት ገባ?» ሲለኝ አላውቅም አልኩት። «ዶክተርም ታመመች!» አለ።

ኦቦ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ከዘራቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ዛሬም ዝም ነው?»

«ዝም ነው ኦቦ።»

«ጩኸቱን ለምጄው ነበር።»

የገና ዕለት ወንድሜ የጎረቤታችን ቤት እንኳን ደህና መጣሽ ሊላት ሄደ። ቆይቶ ተመለሰ። እጁን ታጠበ፣ ማዕዱ ላይ ተቀመጠ። «አላመጣችውም» አለ። «ዱባይ ራሱ ጠፍቷል አሉ።» እናቴ «ኤዲያ! ምን ዓይነት ዕድል ነው?» አለች።

እኔ በሆዴ እሰይ አልኩ። እሰይ! ካልመጣ አይሞከርም፤ ካልተሞከረ የእኔ ስህተት አይታወቅም። የዚያን ቀን ዶሮ እንዳጣጣምኩት ዶሮ አጣጥሜ አላውቅም። ወንድሜ ድርሻውን ለእኔ ገፋልኝ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ የሱሉልታ ሰው ማሽኑን ሊገዛ በመኪና መጣ። «ሲዲ አይወስድም?» አለ። አይወስድም። «ግድ የለም፣ አዲሱ ቤታችን ዋይፋይ አለ፣ ለልጆቹ ነው» አለና ተሸክሞት ሄደ። ወንድሜ የተቀበለው ብር በዚያ ሰሞን ዋጋ አንድ ያገለገለ ፎር እንኳ አይገዛም ነበር።

ክፍሉን ለማስረከብ ስናጸዳ እሱ ወንበሮቹን ሊያወጣ ወጣ፣ እኔ መደርደሪያውን ያዝኩ። የቴሌቪዥኑ ካርቶን ውስጥ፣ ከታች፣ የጋዜጣ እጥፋት አለ። ሳነሣው ከበደኝ። ሥሩ ትንሽ ነጭ ሳጥን ነበር።

ድራይቩ ነው።

ላስቲኩ በምላጭ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ወጥቶ ተመልሷል፤ ነጩ ጀርባው ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ ትልቅ፣ የክር ፋብሪካ ጠባሳ ያለበት። አምጥታለታለች ማለት ነው። የገና ዕለት መጀመሪያ እዚህ መጥቶ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ብቻውን ሞክሯል። እሱም በጣቱ ከላይ እስከ ታች ሄዶበታል። መስመሩን አጥቶታል። ከዚያ እጁን ታጥቦ ማዕድ ላይ ተቀምጦ፣ ጠፍቷል አለ።

ጋዜጣውን እንደነበረ አጠፍኩት።

«ጨረስሽ?» አለ በሩ ላይ።

«ጨረስኩ።»

ቁልፉን ለኦቦ በሁለት እጁ ሰጣቸው። እሳቸው ተቀብለው ባዶውን ክፍል ትንሽ አዩ።

ቡራዩ ከገባን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ወንድሜ ገላን፣ መጋዘን ውስጥ ጭነት ያወርዳል። እዚያው ያድራል፣ እሁድ እሁድ ይመጣል። አሁን ደግሞ የከባድ መኪና ጩኸት ነው ይዞት የሚመጣው፤ እናቴ እንደገና ሦስት ጊዜ ትጠራዋለች። ነጩ ሳጥን አልጋው ሥር ካለው ሻንጣው ውስጥ ነው፣ ስንገባ ዕቃ ሳደራጅ በእጄ ዳስሼዋለሁ። ቢሸጠው ገንዘብ ነው። ግን እንዳይሸጠው፣ አልመጣም ብሎናል።

ባለፈው እሁድ ሊሄድ ደጃፉ ላይ ጫማውን ሲያስር አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ጓደኛዬ ቤት ፋይቭ አለ» አልኩት። «ጎኑ ላይ መስመር ያለው። ድራይቩን ፈልገው አጡ።»

ሆን ብዬ ነው። አለኝ እንዲል ነው።

የአንዱን ጫማ ክር ፈትቶ እንደገና አሰረው።

«አይገኝም እሱ» አለ። «ያኔም እኮ ጠፍቶ ነው።»

«አዎ» አልኩት። «ጠፍቶ ነው።»

ተነሣ፤ ሱሪውን አራገፈ። «ዶክተር» አለኝ፣ ማንም እንደዚያ ካለኝ ስንት ጊዜው! «ለመሆኑ ሲዲ የሚወስደው አሁን ስንት ገባ?»

ዋጋ ካየሁ ቆይቻለሁ። እንደማውቅ ሆኜ፣ በዚያው በዜና አንባቢ ድምፅ፣ አንድ ቁጥር ጠራሁለት።

«ኧረ!» አለ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የገላን መንገድ ሩቅ ነውና ታክሲ ሊይዝ ወጣ።